ጥላሸት፣ ጎማና የእመት ፋጡማ ሽንኩርት

ከሁሉ አስቀድሜ ልንገራችሁ፤ አልጸጸትም። ይህን አሁኑኑ የምለው አንብባችሁ ስትጨርሱ "ሰውየውን ምን ነካው?" ማለታችሁ ስለማይቀር ነው። ቆቦ ከተማ ውስጥ ይህን ያላለኝ ሰው የለም። ባለቤቴ ብላኛለች። ርዕሰ መምህሩ ቢሮው ጠርቶ ብሎኛል። አማቴ ከደጋ ድረስ ደውላ "ልጄን ለጤነኛ ሰው የዳርኳት መስሎኝ" ብላኛለች። መልሴ ለሁሉም አንድ ነው፤ ጎማ ውስጥ ጥላሸት በወጉ ሲገባ ጎማው ይጠነክራል። ያኔም ብያለሁ፣ አሁንም እላለሁ፣ ነገ ፍርድ ቤት ቢያቆሙኝም እላለሁ።

የኬሚስትሪ አስተማሪ ነኝ። ኬሚስትሪ ማስተማር እኛ ዘንድ ምን ማለት እንደሆነ የማያውቅ ካለ ላስረዳው። ጠርሙሱን በጠመኔ ትሥላለህ፤ ከሥሩ እሳቱን በጠመኔ ትሥላለህ፤ ከላይ አረፋውን በጠመኔ ትሥልና ወደ ተማሪዎቹ ዞረህ "አያችሁ፣ ፈላ" ትላለህ። ተማሪዎቹም ጨዋ ስለሆኑ "አዎ፣ ፈላ" ይላሉ። እንዲህ እያልኩ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ አንድም ነገር ሳላፈላ ኖርኩ።

አንድ ክረምት ታዲያ ለሥልጠና ሄጄ አንድ ፎቶ ኮፒ ይዤ ተመለስኩ። ሌሎቹ አስተማሪዎች ብርድ ልብስና የሕፃን ጫማ ገዝተው ሲመለሱ እኔ ወረቀት። ወረቀቱ የሚያወራው ስለ ጎማ ነው። በጣም የደቀቀ፣ በዓይን ቀርቶ በትምህርት ቤታችን ማይክሮስኮፕ የማይታይ (የትምህርት ቤታችን ማይክሮስኮፕ መስታወት የለውም፤ ቢሆንም)፣ ናኖ የሚባል የካርቦን ብናኝ ጎማ ውስጥ ሲገባ ጎማው ምን እንደሚሆን ይተነትናል። ይጠነክራል፣ መበጠስን ይቋቋማል፣ ሙቀት ያስተላልፋል፣ ሌላም ሌላም። ሰባት ጊዜ አነበብኩት። ስምንተኛውን ላነብ ስል ባለቤቴ ብርቄ "ከወረቀቱ ጋር ላጋባህ እንዴ?" አለችኝ።

ነገሩ የተጀመረው በብስክሌቴ ጎማ ነው። ዋናው መንገድ ዳር ወዳለው ወደ አያ እንድሪስ ጎሚስታ ቤት ገፍቼ ወሰድኩት። አያ እንድሪስ ከደሴ እስከ መቀሌ የሚመላለሰው ሹፌር ሁሉ የሚያውቃቸው ሰው ናቸው። ጎማውን ሳያወልቁ ቀዳዳው የት እንዳለ በጆሯቸው ይነግሩሃል። እሳቸው የውስጡን ጎማ፣ ከመነዳሪውን፣ ውሃ ውስጥ ነክረው አረፋ ሲፈልጉ እኔ ዝም ብዬ መቀመጥ ነበረብኝ። አልተቀመጥኩም።

"አያ እንድሪስ፣ ጎማ ለምን ጥቁር እንደሆነ ያውቃሉ?"

"ቆሻሻ እንዳያሳይ ነዋ" አሉ ቀና ሳይሉ።

"አይደለም። ጥላሸት ስላለበት ነው። ጎማ በተፈጥሮው ነጣ ያለ ነው። ጥላሸቱ ነው የሚያጠነክረው።"

አያ እንድሪስ ከመነዳሪውን ትተው ቀና አሉ። ከጎናቸው ጫት የያዙ ሁለት ሹፌሮችም ቀና አሉ። "ሱብሃነላህ!" አሉ አያ እንድሪስ፣ "ሠላሳ ዓመት ጎማ ስለጥፍ ኖሬ፣ ለካ የለጠፍኩት የድስት ቂጥ ነው!"

ሹፌሮቹ ተንከተከቱ። እኔ ግን ሲሳቅብኝ ድምፄ ከፍ የሚል ሰው ነኝ። ስለ ናኖ ማስረዳት ጀመርኩ። በዚህ መሀል ነው እመት ፋጡማ ከባጃጅ የወረዱት።

እመት ፋጡማን ከቆቦ ወረድ ብላ ባለችው በሮቢት የማያውቃቸው የለም። ባላቸው ከሞተ በኋላ ማሽላ ብቻ ሲዘራበት በኖረ መሬታቸው ላይ ሽንኩርት የተከሉ፣ ጎረቤቶቻቸውንም "ካልበቀለ እኔን ውቀሱኝ" ብለው ያስተከሉ ሴት ናቸው። አሥራ አንድ ቤተሰብ እሳቸውን አምኖ ማሽላውን ትቶ ሽንኩርት ተክሏል። ውሃውን ከጉድጓድ የምትስብላቸው አንዲት የናፍጣ ሞተር ናት። እመት ፋጡማ ከነጠላቸው ጫፍ አንድ የተበጣጠሰ ጎማ አውጥተው ጠረጴዛው ላይ አኖሩት።

"አያ እንድሪስ፣ ይኸን ለጥፍልኝ።"

ሞተሩን ከፓምፑ ጋር የሚያያይዘው ጎማ ነው። ስድስት እግር ስላለው ገበሬው "ኮከቡ" ይለዋል። ሞተሩ ሲዞር ኮከቡ ይዞራል፤ ኮከቡ ሲዞር ፓምፑ ይዞራል። አሁን ሦስቱ እግሮቹ የሉም።

"ይኸ አይለጠፍም" አሉ አያ እንድሪስ። "አዲስ ነው የሚያስፈልገው።"

"አዲስ ቆቦ የለም፣ አላማጣ የለም፣ ወልድያ የለም። መካኒክ ሰለሞን ከአዲስ አበባ አዝዞልናል፤ ሁለት ሳምንት ይፈጃል አለ። ሽንኩርቱ ራስ መያዝ ጀምሯል። በዚህ ፀሐይ ሁለት ሳምንት ሳይሆን አምስት ቀን አይጠብቀኝም።"

ድምፃቸው አልተንቀጠቀጠም። ነጠላቸውን ግን ደጋግመው ያስተካክሉ ነበር። እኔም የተበጣጠሰውን ኮከብ አንሥቼ አገላበጥኩትና በሕይወቴ ከተናገርኳቸው ቃላት ሁሉ እጅግ አጭሩንና እጅግ አደገኛውን ተናገርኩ።

"እሠራዋለሁ።"

አንዱ ሹፌር ጫቱ ትን አለው።

አያ እንድሪስ ግን የሚገርም ሰው ናቸው። ያላመኑበትን ነገር ለማየት ይጓጓሉ። ትላልቅ ጎማ የሚጠግኑበት ጥሬ ጎማ ነበራቸው፤ ገና እሳት ያልነካው፣ እንደ ሊጥ የሚለጠጥ፣ ቡናማ መልክ ያለው። እሳት ከላዩ የሚነድበት መጭመቂያ ብረትም አላቸው። ጎረቤታቸው በያጁ በኮከቡ ልክ የብረት ቅርጽ አወጣልን። "መጀመሪያ በኔ መንገድ" አሉ አያ እንድሪስ። "ንጹሑን ጎማ፤ ያላንተ የድስት ቂጥ።"

የመጀመሪያው ኮከብ ያምር ነበር፤ ቀለሙ እንደ ጠላ። በባጃጅ ይዘነው ሮቢት ወረድን። አሥራ አንዱም ቤተሰብ ወጥቶ ጠበቀን። መካኒክ ሰለሞንም ነበር፤ ባርኔጣ የሚያደርግ፣ በኪሱ ሁልጊዜ መፍቻ የሚይዝ፣ የሰው ሥራ ሲያይ አንገቱን ዘመም የሚያደርግ ሰው። ሞተሩ ተነሣ። ኮከቡ እንደ ማስቲካ ተለጠጠ፣ ዞረ፣ እግሮቹን በብረቱ ላይ ጠቀለለና ቀለጠ ማለት ይቻላል። ውሃው አንድ ጊዜ ትውክ ብሎ ቆመ።

ታዲያ ይህ ማንን አሳዘነ? እኔን አይደለም። "አያችሁ! ጥላሸት የለውም!" ብዬ ጮህኩ። አንዲት ባልቴት ወደ ጎረቤቷ ዞር ብላ "ደስ ያለው ይመስላል እኮ" አለች።

በማግሥቱ ቅዳሜ ነበር። ለናኖ የሚቀርበው ጥላሸት የላምባ ጥላሸት ነው ብዬ ደመደምኩ፤ የደቀቀ፣ ዱቄት የሚያስንቅ። ስለዚህ አሥራ አራት ኩራዝ ለቃቅሜ ግቢዬ ውስጥ ደረደርኩና በጠራራ ፀሐይ አበራኋቸው። ከየኩራዙ በላይ የብርቄን የድስት ክዳን ሰቀልኩ። ጥላሸቱ ክዳኑ ላይ ሲጠራቀም በላባ እጠርገዋለሁ። ቆቦን የሚያውቅ ያውቃል፤ በዚያ ፀሐይ ጥላ ፍለጋ ውሻ እንኳ ከሰው ይጣላል። በዚያ ሰዓት አንድ የመንግሥት ሠራተኛ አሥራ አራት ኩራዝ አብርቶ መሀላቸው ሲቀመጥ ጎረቤት ምን ይበል? በአጥሩ ላይ የማየው የሰው ራስ ብዛት ከኩራዙ በለጠ። አንዱ "ስለት ነው?" ሲል ሰማሁ። ሌላው "የለም፣ መብራት ኃይልን እየተቃወመ ነው" አለ።

ከሰዓት በኋላ ነፋስ ተነሣ። የራያ ነፋስ ሲነሣ አያስጠነቅቅም። ያጠራቀምኩት ጥላሸት ግማሹ ተነሥቶ ገመድ ላይ በተሰጣው የብርቄ የክርስትና ነጠላ ላይ አረፈ። የተረፈውን ይዤ ከአጥር በሩ ስወጣ ብርቄ የተናገረችውን እዚህ አልጽፍም።

ሁለተኛው ኮከብ እንዲህ ተሠራ፤ ጥሬ ጎማውን ዘርግተን ጥላሸቱን እፍኝ እፍኝ በተንንበት፤ ጠቀለልነው፣ አሸነው፣ ረገጥነው። ወጥቶ ሲታይ ጥቁር ነው፤ ደረቴ በኩራት አበጠ። ሮቢት ላይ ሞተሩ ሲነሣ ኮከቡ ዞረ። ውሃው መጣ! እመት ፋጡማ "አልሐምዱ..." ብለው ሳይጨርሱ አንደኛው እግር ተቆርጦ በረረና የመካኒክ ሰለሞንን ግንባር መታው። ባርኔጣው ቦዩ ውስጥ ገባ።

"ቲቸር" አለ ሰለሞን ግንባሩን ይዞ፣ "ናኖ ማለት ይኸ ነው?"

የተቆረጠውን ፈልጌ አገኘሁት። መሀሉ ላይ አተር የሚያክል የጥላሸት እብጠት ነበረ፤ የተበጠሰውም እዚያው ላይ ነው። ይህን አይቼ መቆምና ማሰብ ነበረብኝ። እኔ ግን "ጥላሸቱ አንሶ ነው" አልኩ።

ለሦስተኛው ጥላሸቱን እጥፍ አደረግነው። ጎማው ከመጥቆሩ የተነሣ የነካው ሁሉ ጠቆረ፤ ጣቶቼ፣ ሸሚዜ፣ ሰኞ ጧት የሰበሰብኩት የአሥረኛ ክፍል የቤት ሥራ። መጭመቂያው እስኪግል ስንጠብቅ የአያ እንድሪስ ኮምፕሬሰር ሽቦ ተልጦ አየሁ። እንደ ጎበዝ አስተማሪ፣ ከዚያው ከጥቁር ጎማ ቆርጬ ሽቦውን ጥሩ አድርጌ ጠቀለልኩት። "ጎማ ኤሌክትሪክ አይዝም" አልኳቸው አያ እንድሪስን፤ ይህን ዘጠኝ ዓመት በጠመኔ ጽፌዋለሁ።

አያ እንድሪስ ሽቦውን ከመንገድ ገለል ሊያደርጉ በእጃቸው ያዙት።

በዚያ ዕድሜ ሰው እንደዚያ ሲዘል አይቼ አላውቅም። ኮፍያቸው ወደ አንድ በኩል፣ ሽርጣቸው ወደ ሌላ በኩል፣ እሳቸው ጎማ ክምሩ ላይ። ደግነቱ ደህና ናቸው፤ ደህና መሆናቸውንም ያወቅሁት በሚወረውሩብኝ የጎማ ብዛት ነው።

"ጎማ አይዝም አላልክም?" ጮኹ።

"አያ እንድሪስ፣ ይቅርታ! ግን ያስተውሉ! ጥላሸቱ ሲበዛ ብናኙ እርስ በርሱ ይነካካና ኤሌክትሪኩ በላዩ ይሻገራል! ወረቀቱ ላይ አለ! አሁን እርስዎ አረጋገጡት!"

"እኔ ነኝ ያረጋገጥኩት?"

"እርስዎ ነዎት!"

አንድ ጎማ ጨመሩልኝ።

እንዲያም ሆኖ ሦስተኛውን ጨመቁልኝ፤ ሰውየው እንደዚህ ናቸው። ይኸኛው ግን ሞተሩ ጋ እንኳ አልደረሰም። ሮቢት ስንወርድ እመት ፋጡማ ተቀበሉኝ፣ ከእጃቸው አመለጠ፣ ድንጋይ ላይ ወደቀና እንደ ገል ለሁለት ተሰበረ። ጎማ ሲሰበር አይታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ አይቻለሁ። ማንም አልሳቀም። ያ ነው የከፋው። የሽንኩርቱ ቅጠል ጫፍ ጫፉ ቢጫ ሆኖ ወደ መሬት ተኝቶ ነበር። ከአሥራ አንዱ አባወራ አንዱ እመት ፋጡማን ሳይሆን መሬቱን እያየ "ማሽላ ብንዘራ ይኸ ሁሉ የለም ነበር" አለ። እመት ፋጡማ ጎንበስ አሉ። የተሰበረውን ጎማ አንሥተው ሰጡኝና "ቲቸር፣ በቃህ። ደክመሃል። አላህ ይስጥልኝ" አሉኝ።

ሰለሞን ደግሞ ጨመረበት። "እኔ ምለው፣ ይኸ ነገር በትልልቅ ፋብሪካ፣ በትልልቅ ላብራቶሪ የሚሠራ ነው። ኦሪጅናሉ እስኪመጣ ቁጭ በሉ። ሳይንስ ቆቦ ላይ አይሠራም።"

ወገኖቼ፣ ከዚያ በፊት ልተወው አስቤ ነበር። እውነቴን ነው። ግን "ሳይንስ ቆቦ ላይ አይሠራም" ሲል ደሜ ፈላ፤ ይኸኛው በጠመኔ አልነበረም። እሳት ቆቦ ላይ ይነዳል። ውሃ ቆቦ ላይ ይፈላል። ካርቦን ቆቦ ላይ ሲደርስ ፈርቶ ይመለሳል? "ነገ ከሰዓት እዚህ ሁን" አልኩት። "ባርኔጣህንም ጥበቅ አድርገህ እሰረው።"

ቤት ስገባ ብርቄ ምሳ እየሠራች ነበር። ከነጠላው ወዲህ አታናግረኝም። በሩ ላይ ተቀምጬ የተሰበረውን ጎማ ሳገላብጥ ማማሰሏን ትታ አየችኝ። ከዚያ መጥታ ከእጄ ወሰደችና በጥፍሯ የተሰበረውን ፊት ጫረችው።

"ይኸማ ጓጉሏል" አለች።

"ምን?"

"ጓጉሏላ። ይኸው እንክብል፣ ይኸው እንክብል። ሽሮ እንዲህ ብትሠራ ማን ይበላልሃል? ዱቄቱን እንዳለ ወፍራም ሊጥ ላይ ትነሰንሳለህ እንዴ? መጀመሪያ በቀጭኑ ይበጠበጣል፤ ይማሰላል፤ ከዚያ ነው የሚወፍረው።" ጎማውን መልሳ ሰጠችኝ። "ደግሞ ምን ያደርጋል ይኸ ሁሉ ጥላሸት? ከሽሮው ቅመሙ በዝቶ።"

ወረቀቱን አወጣሁ። ሰባት ጊዜ ያነበብኩት ወረቀት ላይ፣ ሦስተኛው ገጽ፣ ከመሀል፣ ተጽፏል፤ ዋናው ነገር ብናኙ በእኩል መሰራጨቱ ነው፤ ከተጓጎለ ያዳክማል፤ ከበዛ ያደርቃል። ሰባት ጊዜ አልፌዋለሁ። ብርቄ ወረቀቱን ሳታነብ ደረሰችበት። ይህን ሳልሸሽግ የምጽፈው ወድጄ አይደለም፤ እንድጽፈው አዝዛኛለች።

ጥሬ ጎማውን ከታትፈን ቤንዚን ውስጥ ነከርነው። እሳት በሌለበት፣ ከግቢው ጥግ፣ እያማሰልን ዋልን፤ እንደ ቀጭን ሙቅ ሆነ። ጥላሸቱን በዚያው አንዴ በተበላሸው ነጠላ ነፍታ (የነፋችው እሷ ናት፤ "ከእንግዲህ ለምን ይጠቅመኛል" ብላ) ጥቂት ጥቂት እያደረገች ስትጨምር እኔ አማሰልኩ። "ዝም ብለህ አማስል፤ አታቁም፤ አታውራ" አለችኝ። የመጨረሻው ከባድ ነበር። በማግሥቱ ጧት በትልቅ ትሪ ዘረጋነው። የቆቦ ፀሐይ ስንት ጊዜ ያማረርኩባት ፀሐይ ናት፤ ያን ቀን ቤንዚኑን በአንድ ጥዋት አደረቀችልኝ። አያ እንድሪስ የደረቀውን በጣታቸው አሹት፣ አሸተቱት፣ ወደ ብርሃን ይዘው አዩት። "ይኸ ሌላ ነገር ነው" አሉ ቀስ ብለው። "ይይዛል ግን?" ኤሌክትሪኩን ማለታቸው ነው። ለማንኛውም በጨርቅ ይዘው መጭመቂያው ውስጥ ከተቱት።

አራተኛውን ኮከብ ይዘን ስንወርድ የወጣው ሰው አራት ብቻ ነው። ሰለሞን ግን ነበር፤ ባርኔጣውን በእጁ ይዟል። ሞተሩ ተነሣ። ኮከቡ ዞረ። ውሃው ትውክ አለ። ሁላችንም ጎንበስ ብለን ትንፋሻችንን ያዝን። ከዚያ ውሃው መጣ፤ ሳይቆራረጥ፣ ቧንቧውን ሞልቶ መጣ። ቦዩን ይዞ ወደ መጀመሪያው የሽንኩርት መደብ ገባ። ያ "ማሽላ ብንዘራ" ያለው ሰውዬ አካፋውን አንሥቶ እየሮጠ ሄደ፤ ወደ ቤቱ ሳይሆን ወደ ቦዩ። እመት ፋጡማ ቦዩ ዳር ቁጭ አሉ። አላለቀሱም። እጃቸውን ውሃው ውስጥ ከተቱ።

"ብርቄ ነች" አልኳቸው፤ ከውስጤ ፈንቅሎ ወጣ።

"ይባርካት" አሉ። "አንተንም እንደ አቅምህ።"

ሁለት ሳምንት ሞላና ኦሪጅናሉ መጣ። ሰለሞን በላስቲክ እንደተጠቀለለ ይዞት ወረደና መፍቻውን አወጣ። እመት ፋጡማ ፊቱ ቆሙ።

"ምን ልታደርግ ነው?"

"ልቀይረው ነዋ።"

"የሚሠራውን? ለምን?"

"እመት ፋጡማ፣ እሱ እኮ ቤት የተሠራ ነው! አንድ ቀን ይበጠሳል!"

"ያንተስ አይበጠስም?" አሉ። "የመጀመሪያውም ኦሪጅናል ነበር፤ ተበጥሶ አይደል እዚህ ያደረሰን? ያንተን አኑርልኝ። ይኸ ሲበጠስ እናስገባዋለን።"

ሰለሞን ወደ እኔ ዞረ። እኔ ደረቴን ነፋሁ። ወረቀቱን ግን አንብቤዋለሁ፤ አሁን ደግሞ በደንብ። የኩራዝ ጥላሸት እውነተኛ ናኖ እንዳልሆነ አውቃለሁ። ጎማው ቀን በቀን እየደከመ እንደሚሄድ አውቃለሁ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ክፍሌን እንደጨረስኩ በባጃጅ ሮቢት እየወረድኩ ከሞተሩ አጠገብ እቀመጣለሁ። ሰው "ሥራውን እያደነቀ ነው" ይላል። እኔ እየጸለይኩ ነው።

ሽንኩርቱ ራስ ያዘ። ወፈረ። ቀላ። በመጨረሻው ማጠጫ ቀን፣ ከመጨረሻዎቹ ሁለት መደቦች በፊት፣ ጧ! አለ። ሞተሩ ባዶውን ጮኸ። እመት ፋጡማ አጠፉት። ሰለሞን አስቀድሞ መፍቻውን አውጥቶ ነበር፤ ፊቱ ላይ የነበረው ደስታ ሙሽራን ያሳፍራል።

"ብዬ ነበር!" አለ። "ተበጠሰ! ብዬ ነበር!"

ገበሬዎቹ ሁሉ ወደ እኔ ዞሩ። ጎንበስ ብዬ የተበጠሰውን አነሣሁ፤ ገና ይሞቃል። የተቆረጠውን ፊት ወደ ፀሐይ አዞርኩት። አንድም እንክብል የለበትም፤ ከዳር እስከ ዳር እኩል ጥቁር ነው። አልጓጎለም። ደክሞት ነው የተበጠሰው፤ እንደ ማንኛውም ሠራተኛ።

ኦሪጅናሉ ገባ፤ የቀሩት ሁለት መደቦችም ጠጡ። እመት ፋጡማ እጃቸውን በቀሚሳቸው ጠርገው አጠገቤ መጡ። የሚቀጥለውን በጋ ሽንኩርት ከእሳቸው ጋር የሚተክሉ ሌሎች ቤተሰቦች ከወዲሁ እንደተመዘገቡ፣ ከጎብዬ በኩልም አንድ ሞተር ያለው ሰው ስለ ኮከቡ እንደጠየቃቸው ነገሩኝ።

"ቲቸር" አሉ፣ ሰለሞን እንዲሰማ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው፣ "ሁለተኛውን መቼ ነው የምትሠራው?"

አሥራ አንድ ቤተሰብ ያየኛል። ሰለሞን ያየኛል። የተበጠሰው ጎማ በእጄ ነው። ከዚያ በፊት የነበሩት ሦስት ውድቀቶች በሰው ሁሉ ዓይን ውስጥ ቆመዋል። ጤነኛ ሰው ቢሆን ኖሮ "እናያለን፣ ኢንሻአላህ" ብሎ ባጃጅ ይጠራል።

"ነገ" አልኩ።